ዘር ሩዝ ውስጥ የቀበርኩት ስልክ

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ማታ ራት እንደበላን፣ እናቴ ከጎተራው ሁለት እፍኝ ሩዝ ዘግና በጨርቅ ቋጠረችልኝ። የተፈተገ እንዳይመስላችሁ፤ ከነእብቁ፣ ለዘር የተመረጠ ነው። እኛ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ጎጆ የሚወጣ ልጅ ከወላጁ ጎተራ ዘር ሳይሰፈርለት አይወጣም።

"እማ፣ እኔ እኮ ቤሩት ሰው ቤት ልሠራ ነው የምሄድ። ማሳ የለኝም" አልኳት።

"ሰው ባለበት መሬት አይጠፋም። ባዶ እጅሽን አትወጭም" አለችኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በማግስቱ ጭቃውን እየረገጥኩ ወረታ፣ ከወረታ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። ቤሩት ስደርስ ሻንጣዬን የፈተሸው ሰው ቋጠሮውን ፈትቶ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሩዝ ነው አልኩት። "እዚህ ሩዝ ያለቀብን መስሎሽ ነው?" ብሎ አሳለፈኝ።

እውነትም አላለቀባቸውም። ነጭ፣ ረጅም፣ ኩሽናው ሁሉ ሩዝ ነው። ግን ጤፍና ሩዝ ቀላቅለን የምንበላው የእኛ እንጀራ ጣዕም ከየት ይምጣ? ዝናቡም ቢሆን ግራ ነው፤ እነሱ ዘንድ የሚዘንበው እኛ አጭደን ስንጨርስ ነው። ከመጀመሪያዋ ማዳሜ ጋር ዓመት ሳይሞላን ተጣልተን ስወጣ ፓስፖርቴ እሷ ዘንድ ቀረ። ያለ እሱ አገሬ መግባት አልችልም። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።

አሁን ቤት ለቤት እያጸዳሁ፣ አቡ ሰሚር ከሚባል ሽማግሌ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እናቴን በስልክ የማገኛት በገበያ ቀን ብቻ ነው። ሰፈራችን ኔትወርክ ስለማይዝ ወረታ ትወጣና፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያይበት ጋ ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። አንድ ገበያ ሳልደውል ቀርቼባት ነበር። አረብ አገር የሄደች ልጅ ድምጿ ሲጠፋ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነውና፣ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ እንዳልቀር ምዬላታለሁ።

ታዲያ ባለፈው፣ ለገበያው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሰው በረንዳ ሳጥብ ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገባ። የእናቴ ቁጥር አዲስ ስለሆነ በቃሌ አልያዝኩትም፤ ያለው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው። የረጠበ ስልክ መድኃኒቱ ሩዝ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ኩሽና ውስጥ አንድ ከረጢት የሱቅ ሩዝ ነበረኝ። እኔ ግን የፎገራ ልጅ አይደለሁ? እድሜውን ሁሉ ውሃ ሲጠጣ ያደገው የእኛው እያለ ይህ ሰነፍ ሩዝ ምን ያደርግልኛል ብዬ የእናቴን ቋጠሮ ፈታሁ። ስልኬንም ቀበርኩበት። ሁለት ቀን በኩራት ከርሜ በገበያው ቀን ሳወጣው፣ ባትሪው አልቆ፣ ቻርጅም አልቀበል አለ።

አቡ ሰሚር ምድር ቤቱ ላይ ስልክ ይጠግናል። ሮጬ ወረድኩ።

"ምን ውስጥ ነበር?"

"ሩዝ ውስጥ።"

"ልጄ፣ እኔ ሰባ ዓመት ሩዝ በልቻለሁ። ስልክ የሚጠግን አልገጠመኝም።"

"የእኛ አገር ሩዝ ነው።"

"ኦሆ። የእናንተው ትምህርት ቤት ገብቷል ማለት ነው።"

መርፌ አንስቶ የቻርጁን ቀዳዳ ይጎረጉር ጀመር። አንድ እብቅ ወጣ። ሌላ ወጣ። ብናኙን እፍ ብሎ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

"ውሃው ደርቋል። የዘጋው አገርሽ ነው።"

ሳቅኩ፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። አቡ ሰሚር ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካልኝ።

ሲበራ ገበያ የሚበተንበት ሰዓት አልፏል። ደወልኩ። አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሁነሽ ነው? ገበያተኛው ሁሉ ገባ እኮ" አለች እናቴ። ከኋላዋ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

"ደኅና ነኝ እማ። ስልኬ ውሃ ገብቶበት ነው።"

"ተመስገን" ብላ አፍንጫዋን ሳበች። በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች እንደሆነ ገባኝ። ወሬ ላስቀይር ብዬ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋት።

"ዘንቧል። እኛ ዘርተን ጨርሰናል። ያንችስ? አምና መሬት አላገኘሁም ብለሽኝ ነበር። ዘር ዘንድሮን ካለፈ እኮ አይበቅልም።"

ምን ልበላት? ስልክ ቀበርኩበት ልበላት? መሬት የለኝም ብላት፣ "ታዲያ ምን ይዞሽ ነው እዚያ የተቀመጥሽ?" ትለኛለች። ያኔ የፓስፖርቱ ነገር ይወጣል።

"ዘርቼዋለሁ እማ።"

"በቀለ?"

"በቅሏል።"

ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሄድኩ ወዲህ አልሰማኋትም።

"እንግዲያማ ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል። ሰው ላይ ጥለሽው እንዳትነሽ፤ አጭደሽ ነው የምትመጭ። እኔም ዛሬውኑ ለአባትሽ እነግረዋለሁ፣ በኅዳር ትገባለች ብየ።"

"እሺ እማ" አልኳት።