ኮሚቴው የበላት ዶሮ

ዛሬ ባለቤቴ የበዓሉን ዶሮ በፈላ ውሃ ስትነክር የላባው ሽታ ከቤት አስወጣኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ አምቦ፣ አባቴ ታሞ ተኛ። በነፃ የሚታከመው ቀበሌ ድህነታችንን ከመሰከረልን ብቻ ነበር። የቀበሌው ኮሚቴ ቤታችንን ሊያይ የመጣ ቀን እናቴ፣ "እንግዳ እንዴት ባዶ አፉን ይወጣል?" ብላ ያለችንን አንዲት ዶሮ አረደች። ወንበርና ሰሃን ከጎረቤት ተዋሰች።

ሊቀመንበሩ ጣቱን እየላሰ፣ "አዴ ጫልቱ፣ እናንተማ ደህና ናችሁ! ከእናንተ የባሰ ስንት አለ!" አላት። እኔ ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ። እናቴ ግን ሰሃኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አባቴን በቀበርን በወሩ ሊቀመንበሩ ሊያስተዛዝነን መጣ። ወንበሩ ለጎረቤት ተመልሶ ስለነበር መሬት ላይ ተቀመጠ። ዙሪያውን ቃኘና አንገቱን ደፋ።

ቤታችንን ያየው ያን ዕለት ነው።