የአባቴ ፒካፕ ናፍጣ ማብዛት የጀመረች ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ከለገሃር ታክሲ ይዤ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እጅጌው ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ከኋላው የነበረች ተሳፋሪ ፊቷን አጨፍግጋ መስኮት ከፈተች። እኔ ግን ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። በሃያ አራት ዓመቴ የእኔም ልብስ፣ ፀጉሬም፣ የምተኛበት ትራስም እንደዚያ ይሸት ነበር፤ የአባቴን ፒካፕ የምነዳው እኔ ነበርኩና።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ፒካፕ ገዛና ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳንና ወንበር ማመላለስ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተሻለው፤ ግራ እጁ ግን እንደደነዘዘ ቀረ። ከቤታችን መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቁልፉን ወሰድኩ። ልብ በሉ፣ ሰጠኝ አላልኩም። እናቴ ናት ከኮቱ ኪስ አውጥታ ያቀበለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈኝ። ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና ስወጣም ስገባም ሞተሩን ያዳምጣል። ያ በር ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል። ያኔ ግን ማርሽ ሲንጫጫብኝ "ገደለቻት!" የሚለው ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

እሱ ሲነዳት አንድ ሙሉ ታንክ ናፍጣ ሳምንት ታደርስ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን በአምስተኛው ቀን፣ ቀጥሎም በአራተኛው መጨረስ ጀመረች። ሥራው ያው ነው፤ መንገዱም ያው ሰንጋ ተራ፣ ጎተራ፣ ቂርቆስ። አባቴ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ሳያይ ለእናቴ ተናገረ።

"ለልጅሽ ንገሪያት። ናፍጣውን እየቀዳች የምትሸጥ ከሆነ ታውጣው። ካልሆነም የት እንደምትዞር ትንገረን።"

እናቴ ልታበርደን ስትሞክር ሁለታችንም ጮህንባት። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሳምንት በእሷ በኩል ካልሆነ አልተነጋገርንም። ግድ ሆኖብኝ ካናገርኩትም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ "አንተ" የምለውን አባቴን "እርስዎ" እለው ጀመር። ከአክብሮት አልነበረም። እሱም ገብቶታል፤ በሰማው ቁጥር መንጋጋውን ግጥም ሲያደርግ አየዋለሁ።

መካኒክ ጋ ወሰድኳት። እዚያው ሰፈር የሚሠራ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ነው። ፊልትሮ ቀየረ፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈተሸ፣ የጎማዎቹን ነፋስ ለካ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ እጁን በቡትቶ እየጠረገ፣ "እንግዲህ መኪናዋ ምንም የላት፤ ማለቴ… የሴት አነዳድ ነዳጅ ይበላል" አለኝ። ይህንኑ ለአባቴም ነግሮት ኖሮ ቤት ስገባ አባቴ "በቃ ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ገዢ ይመጣል" ሲል ደረስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ላስነሳት ስል የጋቢናው በር ተከፈተና አባቴ እንደምንም ተንጠልጥሎ ገባ። አላየኝም።

"ንጂ" አለ።

ነዳሁ። ከካዛንቺስ ወደ እስጢፋኖስ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ፣ "ማርሹን አውጥተሽ ልቀቂያት" አለኝ። ለቀቅኳት። በራሷ ክብደት መንደርደር የነበረባት መኪና እየተንፏቀቀች ጥቂት ሄደችና ልትቆም ደረሰች። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አንባረቀ፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ሰደበን።

"ዳር ያዢ" አለ አባቴ። "የሆነ ነገር ይዟታል።"

ወረደና በደህናው እጁ የመጫኛውን ጠርዝ ጨብጦ ጎንበስ አለ፤ ግራ መዳፉን የኋላው ጎማ ቸርኬ ላይ አሳረፈ። ፍሬን የያዘው ጎማ ይግላል፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ምን ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ቀዝቃዛ ነው" አለ። "እንግዲያውስ ያንቺ እግር ነው።"

"እግሬ ምን አደረገ?"

"ይከብዳል። አንቺ ለመንዳት አልተፈጠርሽም።"

እልህ ያዘኝና ጎንበስ ብዬ ቸርኬውን ነካሁት። ጣቴን እንደ እሳት ለበለበኝ። ቀና ስል የእሱ መዳፍ ገና እዚያው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አልነበረም። በልቤ "አገኘሁህ!" ነው ያልኩት። አንድ ትንፋሽ ለሚያህል ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

ከዚያ "አባዬ፣ እጅህን አንሳ!" ብዬ ጮህኩና ክንዱን ይዤ ሳብኩት።

መዳፉ ቀልቶ ውሃ መቋጠር ጀምሯል። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አገላብጦ አየው። ከጋቢናው የሚጠጣ ውሃ አምጥቼ አፈሰስኩበት። ውሃው በክርኑ እየወረደ ሸሚዙን ሲያርሰው፣ "ምንም አይሰማኝም እኮ" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አባቴ ፈርቶ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

መካኒኩ ጎማውን ሲፈታው የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ፣ ሲለቀቅ የማይመለስ ሆኖ ተገኘ። የፍሬኑ ሸራ ጎማውን እንደያዘ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ እየተጎተተች ነበር የምትሄደው። በራችን ዳገት ላይ ስለሆነ "እስከ መጨረሻው ሳቢው" ያለኝ አባቴ ነው፤ በእልህ እስኪንቋቋ የምስበው ደግሞ እኔ። ገመዱ ተቀየረ፤ ናፍጣውም እንደ ድሮው ሳምንት ማድረስ ጀመረ። መካኒኩ ይቅርታ አልጠየቀኝም። አባቴም አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ገዢው ሲመጣ አባቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ተቀምጧል።

"የምትሸጥ መኪና የለችም" አለው።

"እርስዎ ነዎት እኮ የጠሩኝ!"

"ተሳስቼ ነው።"

ያቺን ቃል ለእኔ ብሎ አላወጣትም። እኔ ግን ግቢ ውስጥ ድንኳን እያጣጠፍኩ ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆንን ብል ውሸት ነው። እስኪሞት ድረስ ስንጨቃጨቅ ኖርን። ቆሜ ያየሁበትን ያንን ትንፋሽም አልነገርኩትም። ግን ጠዋት ጠዋት እናቴ የሞቀ መታጠቢያ ውሃ ስታቀርብለት፣ እጁን ከመክተቱ በፊት ቆም ይልና ወደ እኔ ያያል። ጣቴን ነከር አደርግና "ይሆናል" እለዋለሁ። እሱም ዝቅ ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ይከታል።