ወረፋ የያዙ ቆርኪዎች

አቶ ፈቃደ ገብረጊዮርጊስ ሃያ ሁለት ዓመት ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ ሌላው ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ የጨዋታ ቤት ከፈቱ። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ለጥገና ያመጣውን ዕቃ ትቶላቸው ሄደ። ዕቃው ከቴሌቪዥን ጋር በሽቦ የሚገናኝ፣ ሁለት መዘውር ያለው ጥቁር ሣጥን ነው። መዘውሮቹን የያዙ ሁለት ሰዎች በቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ነጫጭ እንጨቶችን ወደ ላይና ወደ ታች እየነዱ አንዲት ነጭ ነጥብ ይቀባበላሉ። ነጥቧ በተመታች ቁጥር «ጧ» ትላለች። ከልደታ ማርያም እስከ አብነት ያለው ጎረምሳ ጨዋታውን «ቴኒስ»፣ ቤቱን «ቴኒስ ቤት» አለው።

ፈቃድ ሲጠየቅ የቀበሌው ካድሬ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ነጥቧን መረመረ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መመላለሷ የንዑስ ከበርቴ ወላዋይነት እንደሚታይባት አልሸሸገም። ይሁን እንጂ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በአራተኛው ሲያሸንፍ፣ ጨዋታው ለወጣቱ ንቃት እንደሚበጅ ጽፎ ፈረመ።

ቤቱ ሰባት ዓመት ደመቀ። ከማዶ የነበረው የጆተኒ ጠረጴዛ ደንበኛ አጥቶ ማገዶ በሆነ ጊዜ አቶ ፈቃደ ከልባቸው አዘኑ፤ ከልብ ማዘን ግን ደንበኛ አይመልስም፤ ይህንን በኋላ በራሳቸው አይተውታል።

ትልቁ ኩራታቸው ሣጥኑ ሳይሆን ወረፋው ነበር። በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ጋዝ በመጣ ቀን፣ ሰው በሌለበት ድንጋይና ዘንቢል እንደሚሰለፈው ሁሉ፣ በቴኒስ ቤትም ቆርኪ ይሰለፋል። ተጫዋቹ በቆርኪው ሆድ ስሙን ጽፎ መስኮቱ ደፍ ላይ በተራው ያስቀምጣል። ግድግዳው ላይም በአቶ ፈቃደ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተለጥፎ ነበር፦ «ቆርኪ ያለው ወረፋ አለው፤ ባለቤቱ ቢዘገይም አይነካበትም።» ተሸናፊ ይነሣል፣ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ባለ ቆርኪ ይገባል። በዚያ ዘመን በልደታ እንዲህ ያለ ፍትሕ የትም አልነበረም።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የወይዘሮ ወለተሰንበት የበኩር ልጅ ፍሰሐ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ ተነሣ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ በመዘውር የሚስተካከለው አልነበረም። እናቱ ጋዝ ልከውት ነበርና ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ በሩ አመራ። አቶ ፈቃደ ጥሩ ተጫዋች መመልከት ይወዳሉ፤ ተረኛው እሱ መሆኑን ነግረው፣ ምን እንደሚያስቸኩለው ጠየቁት። ፍሰሐ ሣቅ ብሎ ተቀመጠ። መዘውሩን የያዙት ሁለቱ ጨዋታቸውን ሳይጨርሱ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ለጦር ግንባር የሚታፈሰው ወጣት በየመንገዱ ይለቀም የነበረበት ወቅት ነው፤ እዚህ ግን መልቀም አላስፈለገም፣ አንድ ቤት ሙሉ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። ሁሉም ተጫኑ። መስኮቱ ላይ ዘጠኝ ቆርኪ ቀረ፤ የመጀመሪያው የፍሰሐ ነበር።

አቶ ፈቃደ ጀሪካኑን በሦስተኛው ቀን ጋዝ ሞልተው ለእናቱ ወሰዱ። የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ ልጁ ሊሄድ ተነሥቶ እንደነበር ግን አልነገሯቸውም።

በዚያው ዓመት፣ ከድሬዳዋ በባቡር የምትመላለሰው ነጋዴ መይሙና፣ በሻሽ ጥቅል መካከል ደብቃ የሳሙና ቁራጭ የምታክል ጌም ይዛ ብቅ አለች። በመስተዋቷ ውስጥ አንድ ደቃቃ ሰውዬ ከላይ የሚወርድ ሎሚ በቅርጫት ይቀልባል፤ በቃ። ዋጋዋ ከሸራ ጫማ አይበልጥም፤ ቴሌቪዥን አትፈልግ፣ ወረፋ አትፈልግ፣ ተጋጣሚ አትፈልግ። መይሙና ግን ይህን ሁሉ አልዘረዘረችም። ለእናቶቹ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤

«እህቶቼ፣ ልጅ አልጋ ሥር ተኝቶ የሚጫወታት ናት።»

ከዚህ በላይ ማስታወቂያ አላስፈለገም። ወይዘሮ ወለተሰንበትም ለታናሹ ልጃቸው ገዙ። አቶ ፈቃደ አንዷን ተውሰው ፈቷት፤ እንደ ጥፍር የሳሳ ነገርና አንዲት ክብ ባትሪ አገኙ። መልሰው ገጠሟትና፣ የሚጠገን ነገር የላትም ብለው ለባለቤቷ ሰጡ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠገነ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል አያውቅም።

በክረምቱ ማብቂያ ቴኒስ ቤት ሰው የማይገባበት ሆነ። አቶ ፈቃደ ግን ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን ያበራሉ፣ የመጀመሪያውን ቆርኪ ያነሣሉ፣ «ፍሰሐ!» ብለው ይጣራሉ፣ ጥቂት ይጠብቃሉ፣ ቆርኪውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። የሚነካው ሲያጣ ሣጥኑ ነጥቧን ራሱ ያመላልሳታል። «ጧ» የሚለው ድምፅ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ይሰማል። አላፊው ያማትባል፤ የታፈሱት ልጆች ተመልሰው ይጫወታሉ ተባለ። የሁለተኛው ቆርኪ ባለቤት እናት፣ ትርፌ፣ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወች።

አቶ ፈቃደ በመናፍስት ሲሥቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ግን የቀኙ እንጨት ትናንት ከነበረበት ዝቅ ብሎ ጠበቃቸው። የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስ ያመጣው ነው ብለው ለራሳቸው በሰፊው አስረዱ፤ ራሳቸው ግን አላመኗቸውም። ከዚያ ወዲህ የፍሰሐን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ቀነሰ። የሚያስፈራቸው ዝምታው አልነበረም፤ አንድ ቀን «አቤት» የሚል ቢመጣ ምን እንደሚመልሱለት አያውቁም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ልደታ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሽ ፈቃደ፣ የልጄን ስም በየቀኑ ይጠራሉ አሉ።»

«ተረኛው እሱ ነው።»

«ለስኳሩም ለጋዙም እሱ ነበር የሚሰለፍልኝ። ዛሬ እኔ ልሰለፍለት» አሉና በቀኙ መዘውር ፊት ተቀመጡ።

ቴኒስ ለብቻ አይሆንም። በስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተጫውተው የማያውቁት አቶ ፈቃደ በግራው ተቀመጡ። ወይዘሮ ወለተሰንበት መዘውሩን የፋኖስ ክር ከፍ ዝቅ እንደሚያደርግ ሰው በሁለት ጣት ይዘው በጥንቃቄ ያዞሩታል። ነጥቧ ሄደች፣ መጣች። በስድስተኛው ምላሽ አቶ ፈቃደ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ ተናገሩ።

«ያን ቀን ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ጀሪካኑንም ይዟል። ተረኛው አንተ ነህ፣ ምን ያስቸኩልሃል ብዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ነጥቧ ሳትመታ አለፈች። ሌላ መጣች፤ እሷንም ማንም አልመታትም።

«አውቄዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት። «በዚያ ሳምንት ሠፈሩ ሁሉ ጋዝ አጥቶ በጨለማ ነበር። እርስዎ ጀሪካን ሞልተው መጡ። ያለ ምክንያት ለሰው ጋዝ ሁለት ቀን የሚሰለፍ የለም።»

አቶ ፈቃደ እጃቸውን ከመዘውሩ አነሡ።

«ይያዙት እንጂ። አውቀውም እንዳይለቁልኝ፤ እሱ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይወድም ነበር።»

ተጫወቱ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ተሸነፉ፤ ደንቡም እንደሚያዝዘው ተነሡ። የልጃቸውን ቆርኪ ከመጀመሪያው ቦታ አንሥተው፣ በሆዱ ያለውን ስም በአውራ ጣታቸው ዳብሰው፣ ከስምንቱ ኋላ፣ በመጨረሻ አኖሩት።

«ነገ ተረኛው የትርፌ ልጅ ነው። እነግራታለሁ» ብለው ወጡ።

አቶ ፈቃደ ብቻቸውን ቀሩ። ሣጥኑን ሊያጠፉ እጃቸውን ሲዘረጉ የቀኙን እንጨት አዩት፤ ዝቅ ብሎ ቆሟል። እዚያ የተወው ማን እንደሆነ ግን ዛሬ ያውቃሉ። እጃቸውን መልሰው፣ ነጥቧ ጥቂት እንድትመላለስ ተዉአት።