የጋሼ የዋንዛ ቁራጮች

ጡረታ የወጡት መምህር አጎቴ፣ ዲላ በሚገኘው ግቢያቸው የላስቲክ ቤት ሠርተው የዋንዛ እንጨት ሳይሰነጠቅ የሚደርቅበትን መንገድ ያጠኑ ነበር። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ቁራጭ ይመዝኑና ክብደቱን በጠመኔ ይጽፉበታል። «ገና ውሃውን አልጨረሰም፤ አትቸኩሉበት» ይሉን ነበር።

ከቀብራቸው ስንመለስ የለቀስተኛው ወጥ የሚሠራው በእነዚያ ቁራጮች ነበር። እንጨቱ የእጅ ጽሑፋቸው እንዳለበት ይነድዳል።

«ምን ነካህ? የጋሼን ሥራ ታነድዳለህ?» አልኩት ማገዶውን ያስወጣውን ታላቅ ወንድሜን።

«ደረቅ እኮ ነው፤ ጭስ እንኳ የለውም» አለኝ፣ ሥጋ እያኘከ።

ምግቡን ሳልነካ ወደ ላስቲክ ቤቱ ገባሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሚዛናቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተከምሯል።

ዛሬ አርባቸው ነው። ያው ወንድሜ ድንኳኑ መሀል ቆሞ «አጎታችን ታላቅ ተመራማሪ ነበሩ» ሲል ሰማሁት። ሰዉ ሲያጨበጭብለት ተነሥቼ ወጣሁ።