ለሰባተኛ ክፍል ልጅ የሦስተኛ ክፍል ሰዋስው

ልጁ የክፍሉ መጽሐፍ ካልገባው ምን ይደረጋል?

እኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ነኝ፤ ሰባተኛ ክፍል የደረሰችውን እህቴን ሊያን በውጭ አገር፣ ኦሮራ ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ አስተምራታለሁ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው እያስለቀሳት ስለሆነ ዛሬ የሦስተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ኦርደር አድርጌ አመጣሁላት።

እማዬ ሽፋኑ ላይ «3» የሚለውን አይታ ጮኸች። «የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያይ ምን ይላል? በጋዜጣ ሸፍኚው!»

(እዚህ አገር ጋዜጣ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።)

«አልሸፍንም። በሰባተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ስታለቅስ ከእነሱ ማን አባበላት?» አልኳት።

ሊያ ግን መሥራት ጀምራ ነበር። «ዌይት፣ ይሄማ ይገባኛል!»

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች፤ «እስቲ ለእኔም አሳዪኝ» አለቻት።

ሰው የፈለገውን ይበል፤ ከዚህ ነው የምንጀምረው። እናንተስ ልጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስታስጀምሩ ምን ተባላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።