በሁለት ቤት መካከል የተሰቀለው ጌትዌይ

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ የበደለኝም በባሌ ሰልስት ዕለት ነው። ለቀስተኛው ገና ድንኳኑ ውስጥ እያለ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «እትዬ፣ አንቱ ሐዘንዎን ይቀመጡ፤ የኢንተርኔቱን ነገር ለእኔ ይተዉት» አለኝ። ሐዘን የተቀመጠች ሴት ስለ ዕቃ አትከራከርም። ተውኩለት።

ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር፣ የእኔና የእሱ ፔንሲዮኖች በአንድ ግድግዳ ይገናኛሉ። መስመሩን ያስገባው ባሌ ነበር። ጌትዌይ የሚሉት መሣሪያ ኮሪደሬ ጫፍ ተሰቅሎ ኢንተርኔቱን በሁለት ኬብል ለሁለታችን ያካፍላል። ከዚያ ሰልስት ወዲህ የእኔ ቤት ኢንተርኔት ይጎተት ጀመር። ከጣርማ በር የሚወርዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሙቀታችንን ይችሉታል፤ የልጆቻቸውን ፊት በስልክ ሳያዩ ማደር ግን አይሆንላቸውም። አንድ ባንድ ወደ እሱ ቤት ተሻገሩ። እሱም በረንዳው ላይ ሆኖ፣ «የእትዬ ገመድ አርጅቷል» ይላቸዋል። አዲስ ገመድ አስዘረጋሁ። ለውጥ የለም። ቤቱን ልዘጋው ተቃርቤ ነበር።

ከደብረ ሲና ያስመጣኋት ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ወሬ አታበዛም። ላፕቶፗን ከጌትዌዩ ጋር በኬብል አገናኘችና ጥቁር ገጽ ከፈተች። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው፣ ጽሑፍ ብቻ።

«እማማ፣ ይለፍ ቃል ይፈልጋል።»

ባሌ የሚቆልፈውን ሁሉ የሚቆልፈው በክርስትና ስሙ ነበር። ነገርኳት፤ ተከፈተ። ወንድሙ አልቀየረውም። እኔ ጥቁር ገጽ ፊት እደርሳለሁ ብሎ አላሰበም።

አንድ መስመር ጻፈች፤ መልሱ ወረደ።

«ገመዱ ደህና ነው። ወደ አንቱ ቤት የሚሄደው ኬብል የተሰካበት ፖርት ፍጥነቱ ዝቅተኛው ላይ ታስሯል፤ በዚያ ላይ ሲልክ አይቀበልም፣ ሲቀበል አይልክም። ብልሽት አይደለም፤ ሰው የጻፈው ትእዛዝ ነው።»

«የእሱንስ እንዲህ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል» አለችና ሳቀች። «ለዚህ ግን አልጠሩኝም።»

ያኔ ደስ አላለኝም። ዛሬ ሳስበው የወደድኳት ለዚህ ነው።

ፍጥነቱን ስትፈታም ወዲያው አላጸናችውም። «ከተሳሳትኩ ሁለታችሁም ቤት ይጠፋል። ለጥቂት ደቂቃ ልሞክረው፤ ካላጸናሁት ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል» አለች። ክፍሎቹን እየዞረች በስልኳ ስትፈትሽ ተከተልኳት። በሕይወቴ ዕቃ ሲነካ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም። ተመልሳ የማጽኛውን ቃል ልትጽፍ ስትል የባሌ ወንድም ኮሪደሩ ላይ ደረሰ።

«ይቺ ደሞ ማን ናት? እትዬ፣ ገመዱ ነው አላልኩም?»

እሷ ዓይኗን ከጽሑፉ ሳትነቅል፣ «ጋሼ፣ ገመድ ትእዛዝ አይጽፍም» አለችና ጽፋ ጨረሰች።

የይለፍ ቃሉን አስቀየርኩ። የባሌ ስም ወጣ፤ በምን እንደተተካ እዚህም አልጽፈውም። የእሱ ቤት መስመር እንደነበረው ይሠራል። አዲሱን ቃል መጥቶ ጠየቀኝ። አልነገርኩትም።