አንቱ ሲላት

ውድነሽ ባሏን አባይነህን በክንዱ ደግፋ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ስታስቀምጠው፣ «እርስዎም ይቀመጡ እንጂ፤ ምን ያቆምዎታል?» አላት። ሳቀች። እሰይ፣ ዛሬስ ቀልዱም ተመለሰለት ብላ አጠገቡ ቁጭ አለች።

አባይነህ ድሮም ሲያሾፍባት አንቱ ነበር የሚላት። ወጡ ጨው ሲበዛበት «እጅዎ ይባረክ እመቤቴ» ይላታል፤ ስታኮርፍም ያው በአንቱታ ነው የሚያስቃት። ታክሲ ሲነዳ ሰንብቶ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ደግሞ ሥራው ወፍ ነው። ሰው ሞል ሲሄድ እሱ የሩቅ ማያ ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ረግረግ ለረግረግ ሲዞር ይውላል። «ወፍ ለማየት ጋዝ ማቃጠል ምን የሚሉት ጤንነት ነው!» ትለው ነበር መጀመሪያ። ኋላ ግን ቀድማ ጫማዋን የምታደርገው እሷው ሆነች።

ምን ዋጋ አለው፣ መርሳት መጣ። መጀመሪያ መንገድ እየጠፋው ታክሲውን ተወ። ቀጥሎ ቻምበርስ ሮድ ያለውን የገዛ አፓርትመንቱን በር አጣው። ልጃቸው ሔቨን «እማ፣ ሴፍ አይደለም፤ ኬር ሆም እናስገባው» ማለት ከጀመረች ከርማለች። ውድነሽ ደግሞ «እኔን እስካወቀኝ ድረስ ከቤቴ ወጥቶ መጦሪያ አይገባም» ብላ ድርቅ አለች። ዛሬ ያመጣችውም ለዚሁ ነው። ፀደይ ገብቶ ወፎቹ ተመልሰዋል፤ እነሱን ቢያይ ልቡም ይመለስ ይሆናል ብላ።

ነጫጭ ትልልቅ ወፎች በሸምበቆው ላይ ዞረው ውሃው ላይ ዐረፉ። አባይነህ ጣቱን ቀሰረ።

«ፔሊካን። ዓሣውን ተባብረው ከበው ነው የሚያጠምዱት።»

ትናንት የልጁን ስም ያጣ ሰው! ውድነሽ በደስታ፣ ሔቨን ትየው ብላ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረች።

«እስቲ ንገረኝ፣ ከማን ጋር ነው የመጣኸው?»

ዞሮ አያት። ሲቀልድ ከንፈሩ ዳር የምትመጣዋን ፈገግታ ፈለገች፤ የለችም። ባዳ ሴት እንደሚያይ ጨዋ ሰው ነው የሚያያት።

«ከባለቤቴ ጋር ነኛ» አላት በትሕትና። «መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ትመጣለች። እሷም እንደ እርስዎ ወፍ ትወዳለች።» ትንሽ አመነታና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ እሷ ናት የምትቀመጠው» አለ።

ተነሣችለት። ሌላ ምን ታድርግ? አግዳሚው ኋላ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ልቧ እስኪወጣ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ለሔቨን ደውላ «እሺ፣ እናስገባው» ስትል፣ እሱ ባዶውን ቦታ በእጁ ይዞ ወደ ፓርኪንጉ መንገድ እያየ ነበር።